ቢጫ ረድፍ

ሥራዬ ቀለም መቀባት ነው።
ግድግዳ አይደለም፤ አሳታሚ።
ፔዳ ግቢ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
የሐይቁ ጫፍ በዛፎቹ መሀል ብልጭ ከሚልበት መስኮት አጠገብ፣
በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንቀጻቸውን
እንደ ውል አነባለሁ፣ እንደ ጤፍ አበጥራለሁ፤
ከዚያ በየረድፉ አንድ ቀለም እጥላለሁ።

ረቂቁንም ተገምግሞ የታረመውንም ለሕዝብ አኑሩ ላለ፣ አረንጓዴ።
የታረመውን ብቻ ላለ፣ ሰማያዊ።
ገምጋሚ ያላየውን ረቂቅ ብቻ ላለ፣ ቢጫ።
አንዱንም አትንኩ ላለ፣ ነጭ።
በእኛ ዘንድ ነጭ ልብ ነበር፤
እዚህ ነጭ ግንብ።

አረንጓዴውም ግራ ነው።
ከመስኮቴ ማዶ አረንጓዴ ማለት እምቦጭ ነው፤
ታንኳ አያሳልፍ፣ መረብ አያስጥል።
ሠንጠረዤ ላይ ግን አረንጓዴ በር ነው።
ይህን ለአቶ ሙሄ ሳስረዳ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ።

ማክሰኞ ነው የመጣው፣ ከዓባይ ማዶ፣
ከጥበቃው ጋር ተሟግቶ።
ኮንጎ ጫማው ውሃ ቋጥሯል፤ ሲራመድ ይተነፍሳል።
«ዓሦቼ ያሉበትን ወረቀት ስጪኝ» አለ።
ሰባት ክረምት በጉማራ አፍ
እንቁላል ተሸክመው ሽቅብ የሚወጡትን
ለዶክተር ውባንቺ የቆጠረ እሱ ነው፤
በራሱ ታንኳ፣ በራሱ እንቅልፍ።
አሁን የወንዙን አፍ ከዳር ዳር በመረብ የዘጉ አሉ፤
ቢሮው ደግሞ «ማስረጃ አምጣ» ብሎታል።

ፈለግሁ፤ አገኘሁ፤ ተቆልፏል።
ለሃያ አራት ሰዓት ንባብ ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር።
«ለሃያ አራት ሰዓት?» አለ።
«እኔ ዓሣ የሸጥሁለትን ሰው
ማታ መጥቼ መልስ አልለውም።»
ቆየና ደግሞ፣
«ገባኝ። የእኛን ወንዝ የዘጉት ዓይነት ናቸው።»

አንቀጽ አራትን ሦስት ጊዜ አነበብሁ።
ቢጫ።
ዶክተሯ ጎንደር ናት፤ ደወልሁላት።
«ረቂቁን? ሁለተኛው ገምጋሚ ሳይደርስበት የነበረውን?»
ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ከሰዓት በኋላ ላከችው።

ገጽ ስድስት ላይ ነበር፣
በታተመው ውስጥ የሌለ አንድ ዐረፍተ ነገር፦
«ሙሄ እንድሪስ እንደቆጠረው»።
ሁለተኛው ገምጋሚ ጽፎላታል፣ የግለሰብ ስም አያስፈልግም ብሎ፤
እሷም «የአካባቢው አስጋሪዎች» ብላ ተካችው።
በላቲን ፊደል የተጻፈ ስሙን አሳየሁት።
ጣቱን አኖረበት፤ ሳያነሳው ቀሪውን አንቢልኝ አለ።

አነበብሁለት፦ በአንድ ሌሊት ሁለት መቶ አሥራ አራት።
«ኧረ! አርባ አንድ ነው።
ሁለት መቶ አርባ አንድ። ሐምሌ ሃያ ሦስት፣ ዝናቡ ካባራ በኋላ።
ስትጽፈው ገልብጣዋለች።»
ዶክተሯን ጠየቅሁ። እውነቱን ነው፤
የታተመው ላይ ተስተካክሏል፣ ያው ገምጋሚ አስተካክሎት።

ረቂቁ ሰውዬውን ይዞ ቁጥሩን አጣ፤
የታተመው ቁጥሩን ይዞ ሰውዬውን አስወጣ።
ሁለቱን ላጋባ ብል ቢጫው አይፈቅድልኝ፤
ረቂቁ እንዳለ ይቀመጥ ነው የሚለኝ።

እንዳለ አስቀመጥሁት።
ከጎኑ ባለችው የማስታወሻ ሳጥን ግን ጻፍሁ፦
«ገጽ ስድስት፦ ቆጣሪው ራሱ እንደተናገረው፣ ሁለት መቶ አርባ አንድ።»
ከተቆለፈው አልወሰድሁም፤ ከባለቤቱ አፍ ነው።
አንቀጽ አራት ስለ አፍ የሚለው ነገር የለም።

አትሜ ሰጠሁት። በሁለት ፌስታል ጠቀለለው፣
ወረቀት ውሃ እንደሚፈራ ከእኔ ይልቅ ያውቃል።
በሩ ላይ ዞር ብሎ፣
«ቢጫው ደህና ነው ማለት ነው?» አለኝ።
ምን እንደምመልስ ሳስብ ደረጃውን ወረደ፤
ጫማው እስከ ታች ሲተነፍስ ይሰማኝ ነበር።

ቀጣዩ ረድፍ ገና ቀለም የለውም።
አንቀጹ አሥራ ሁለት ገጽ ነው።
መብራት ጠፋ።